የአሥራ አራት ቁጥር ክፍል ዕጣ

ሰኞ

ወደ ድሬዳዋ ልሄድ ነው ብዬ ባወራሁ ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ የምትፈልገውን የሻሽ ቀለም ነገረችኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ የልጆቿን እግር በክር ለክታ ክሩን ሰጠችኝ። ድሬዳዋ ለእኛ ሙቀትና ርካሽ ልብስ ነበረች። እኔም ከዚያ የተሻለ አላውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ ሄጄ ስላየሁትና እነሱ ምናልባት መቼም ስለማያዩት ነው።

ጉዳዬ ይህ ነበር። ኤድስ የሚባለው በሽታ ስሙ በሬዲዮ መጠራት ከጀመረ ብዙም አልቆየም። ሆስፒታሎች እነዚህን ታካሚዎች እንዴት እንደሚያስታምሙ እየዞሩ የሚያዩ፣ ጉድለት ካለም እዚያው ከሠራተኛው ጋር የሚያርሙ ጥቂት ቡድኖች ተቋቋሙ። እኔ ነርሶችን ስለማስተምር ተመረጥኩ፤ አብሮኝ የሚሄደው ዶክተር ግርማ የሚባል ዝምተኛ ሐኪም ነበር። ከድሬዳዋ አንድ ሆስፒታል ደረሰን። ስሙን እዚህ ባልጠራው ይሻላል፤ እዚያ ያየሁት ጉድለት በዚያ ዘመን በእኛም ሆነ በሌላው ዘንድ ነበረና።

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን ተቀብዬ፣ አንድ ካርቶን የላስቲክ ጓንትና በታይፕ የተጻፈውን የግምገማ ቅጽ ይዤ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባሁ። ያደርኩት እህቴ ቤት ነው። እህቴ ጓንቱን አይታ፣ "አንቺ ግን አትነኪያቸውም አይደል?" አለችኝ። "እኔ ገምጋሚ ነኝ" አልኳት። መልሱ ሁለታችንንም ደስ አሰኘን።

ማክሰኞ

ባቡሩ ማለዳ ተነሳ። እንደ ደብረ ብርሃን ሰው ለብሼ ነበር የተሳፈርኩት። ሞጆ ላይ ሹራቤን፣ አዋሽ ላይ ነጠላዬን አወለቅኩ፤ ከዚያ ወዲያ የሚወልቅ አልነበረኝም። ዶክተር ግርማ ክራቫቱን እንዳሰረ ቀጠለ። ሚኤሶ ላይ ሴቶች በመስኮት ከሚሸጡት የፍየል ሥጋ ገዝቶ ብቻውን በላ። እኔ በቃሪያና በዳቦ አለፍኩ። የእሱ መጎምጀት በኋላ ምን እንዳመጣ ይታያል።

መንገድ ላይ ፈታሾች ገቡ። አንዱ ካርቶኔን ከፍቶ ጓንቶቹን አገላበጠና፣ "ይሄ ሁሉ ለምንድነው ጓዲት?" አለኝ። ለኤድስ ታካሚዎች መሆኑን ስነግረው ካርቶኑን ራሱ እንኳ ሳይዘጋው አለፈ። አጠገባችን የተቀመጡት ሰውዬ ጉልበታቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ጓንቱ አዲስ ነው፣ ማንንም ነክቶ አያውቅም ብዬ ባስረዳም አልተመለሱም። እኔ ግን ሰፋ ያለ ቦታ አገኘሁ።

ድሬዳዋ ስንደርስ የተያዘልን ሆቴል ለስብሰባ በመጡ ካድሬዎች ተሞልቶ ጠበቀን። ጣቢያው ላይ ልትቀበለን የመጣችው የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ሲስተር አማረች ነበረች፤ ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነው። ብዙም አልተጨነቀችም። ዶክተሩን ወደ ሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቤት ላከችና እኔን ወደ ራሷ ቤት በጋሪ ጫነችኝ። ባለጋሪው ልጄ ቢሆን የሚበቃ ጎረምሳ ነው፤ "አንቺ፣ እግርሽን ሰብስቢ አቦ!" አለኝ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ጆሮውን ይዤ አባቱ ዘንድ እወስደው ነበር። አማረች ሳቀችና፣ "እዚህ አገር እርሶ የሚባል የለም፤ ገዢውንም አንተ ነው የምንለው" አለችኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩ፤ በሦስተኛው ለመድኩት።

ያደርነው ግቢ ውስጥ አጎበር በተዘረጋለት አልጋ ላይ ነው። እኛ አገር ውጭ ያደረ ሰው ጠዋት እንደ ድንጋይ ደርቆ ይገኛል። እዚህ ቤት ውስጥ ያደረ ነው የሚታዘንለት።

ረቡዕ

ጠዋት የጎረቤት ሴት ሳህን ይዘው መጡ። እማ ሃዋ ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ የሰፈሩ ሙስሊም ሴቶች ሲሞቱ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ፈጢራ ሠርተውልኝ ነበር። "ዛሬ ጾምሽ ነው አይደል? እንቁላሉንም ቅቤውንም ትቼዋለሁ፣ ወላሂ በዘይት ብቻ ነው" አሉኝ። ፈጢራ ያለ እንቁላል ምን ጣዕም እንዳለው የጠየቃቸው አልነበረም፤ እንግዳ ጾሟን እንዳትፈታ ብለው ነው። እኔ ከዚያ በፊት ለሙስሊም ጎረቤቴ ይህን ያህል አስቤ እንደማላውቅ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ሆስፒታሉ ንጹሕ ነበር። ከእኛው ይሻላል። ሥራው ገና ፀሐይ ሳትበረታ ይጀመራል። የኤድስ ታካሚዋ አንድ ብቻ ነበረች፤ ዘይነባ ትባላለች፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ አይዘልም፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ትሸጥ ነበር። ወገኖቿ ከከተማዋ ውጭ ቢዮ አዋሌ የሚባል መንደር ናቸው፤ በሽታዋን ከሰሙ ወዲህ አልመጡም። የተኛችው በኮሪደሩ ጫፍ አሥራ አራት ቁጥር ክፍል ብቻዋን ነው።

መዝገቡን ገለጥኩ። ምግብ፣ መድኃኒት፣ አንሶላ፣ የሽንት ዕቃ፤ በየቀኑ በየሰዓቱ ተፈርሟል። አንድም ክፍት ቦታ የለም። ተማሪዎቼን አምጥቼ ባሳየኋቸው አልኩ። ፊርማው ግን በየቀኑ የሌላ ሰው ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አማረች ባዶ የጥጥ ቆርቆሮ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ ማንም አልገባም ስላለ ሁሉም ጣጣ በአዲስ ተቀጣሪዎች ላይ ተጣለ። አማረች ይህ ግፍ ነው አለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ነርሱም፣ ረዳቱም፣ ጽዳቷም፣ እሷ ራሷም በቆርቆሮው ውስጥ እጃቸውን ይከታሉ። ከተጠቀለሉት ወረቀቶች አንዱ የመስቀል ምልክት አለበት። እሱ የደረሰው ያን ቀን አሥራ አራት ቁጥር ይገባል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተረቱን ከቅጹ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።

ያን ቀን ዕጣው የወጣበት አንድ ወጣት ነርስ ነበር። ተከተልኩት። ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ገባ፣ ሳህኑን ወንበር ላይ አኖረ፣ ኪኒኑን አጠገቡ አስቀመጠ፣ እኔ መነጽሬን ጠርጌ ሳልጨርስ ወጣ። እኔም ከበሩ አላለፍኩም። ከዚያው ሆኜ "እንደምን ነሽ?" አልኳት፤ "አልሐምዱሊላህ" አለችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች። በቅጼ ላይ በሁሉም ጥያቄ አንጻር "አዎ" ብዬ ሞላሁ።

ቀትር ላይ ከተማዋ በሯን ትዘጋለች። ቢሮው፣ ሱቁ፣ ሁሉም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ወይ ይተኛል ወይ ጫት ይቅማል። ዶክተር ግርማን ልጠይቅ ሄጄ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ አገኘሁት፤ የሚኤሶው ፍየል ተበቅሎት ነበር። ክራቫቱ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። "አንቺ ቀጥይ" አለኝ። እሱም አንቺ ማለት ጀምሯል።

ሐሙስ

ዕጣው ለሩቂያ ወጣ። ሩቂያ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አፏ የማይዘጋ። ምልክቱን ስታይ "እሺ ያ ረቢ" ብላ ባልዲዋን አነሳች። እኔ ቅጼን ይዤ ከኋላዋ ስሄድ በሩ ላይ ቆመችና ዞረች።

"አንቺ ትላንት እዚህ በር ላይ ቆምሽ። ዛሬም ልትቆሚ ነው?"

"ሥራዬ ማየት ነው" አልኳት።

"አቦ እኔም ማየት እችላለሁ! አማርኛሽ ጥሩ ነው፣ ጓንትሽ አዲስ ነው። እስቲ ግቢ። ካልገባሽ እኛን ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው?"

ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሰሙ። እውነቱን ልናገር፦ በዚያች ሰዓት ባቡር ቢኖር ተሳፍሬ እሄድ ነበር። በሽታው በመንካት እንደማይተላለፍ ሁለት ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪ ተሳስቶ ሲመልስ ነጥብ ቀንሻለሁ። በእጄ ግን አንድም የኤድስ ታካሚ ነክቼ አላውቅም ነበር። ፈራሁ። ጓንት አጠለቅኩ፤ ጣቶቼ በላብ ርሰው አልገባ እያለ ሁለት ጥንድ ተቀደደብኝ። ሩቂያ አልሳቀችም።

ገባን። ሽታው ከበሩ ላይ የማይሰማ ነበር። ዘይነባን ወደ ጎን ስናዞራት ከወገቧ በታች ሳይገላበጥ የከረመ ገላ የሚያወጣው ቁስል አየሁ፤ የመዳፌን ያህል ሆኗል። መዝገቡ ውስጥ ስለ እሱ አንድ ቃል አልተጻፈም። እያንዳንዱ ገቢ ትላንት የገባው አይቶታል ብሎ ያስባል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይገባል። ትራሷ ሥር ለተቅማጡ የታዘዘላት ኪኒን ተከማችቶ ነበር። እጇ ወንበሩ ጋ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲደርስም የምትውጥበት ውሃ የለም። ሳህኑ ላይ የትላንቱ ሩዝ እንዳለ ነው።

ሩቂያ ቁስሉን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ባለፈው እኔ ስገባ ይሄ አልነበረም... ወይ ነበር? እኔ አላገላበጥኳትም። ወላሂ አላገላበጥኳትም።"

ቅጼን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ውሃ አስሞቅን። ሩቂያ የዘይነባን ትከሻ ደግፋ እኔ ጀርባዋን በሳሙና አጠብኩ፤ ቁስሉን በጨው ውሃ አጽድቼ ሸፈንኩ፤ ፀጉሯን ሩቂያ አበጠረች። ዘይነባ ገንፎ ሦስት ማንኪያ በላች። ከዚያ በሶማሌኛና በኦሮምኛ እየቀላቀለች ለሩቂያ አንድ ነገር ነገረቻት። ሩቂያ በመተርጎም ፈንታ አንሶላውን ማስተካከል ያዘች። ምን አለች ስል፣ ዘይነባ ራሷ በአማርኛ ነገረችኝ።

"ከእኔ በፊት እዚህ ክፍል አንድ ሹፌር ነበረ። ሲሞት ሳያጥቡት በላስቲክ ጠቅልለው ቀበሩት። ኮሪደር ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ መሞቴን አውቃለሁ፤ እሱን አልጠይቅሽም። ሳልታጠብ እንዳትቀብሩኝ። እንደ ሰው ታጥቤ በከፈን ልሂድ።"

ቃል አልሰጠኋትም፤ መስጠት አልቻልኩም። ሳይታጠቡ መቀበር የሆስፒታሉ ደንብ እንደሆነ ሩቂያ በዓይኗ ነግራኛለች። ወጥቼ እጄን እስከ ክርኔ ደጋግሜ ታጠብኩ፤ ያ ሁሉ መታጠብ ለበሽታው አልነበረም።

ከሰዓት ወደ አማረች ቤት ስመለስ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ጠዋት በደረቅ አሸዋ ላይ ረግጠን የተሻገርነው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ይወርዳል። እኔ አንዲት የዝናብ ጠብታ አላየሁም፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ ተራራው ላይ ነው። የደብረ ብርሃን ወንዝ ሲመጣ ደመናውን ቀድሞ ይልካል፤ ይሄ ግን ሳይነገር የሚመጣ ነው። በድልድዩ በኩል ዞሬ፣ አንዱን ጫማዬን ጭቃ ውጦት፣ ባንድ እግሬ እያነከስኩ ገባሁ። እማ ሃዋ አይተውኝ ሳቁና የራሳቸውን ነጠላ ጫማ ሰጡኝ። እግሬ ውስጡ ዋኘ።

ራት ላይ ለአማረች የቁስሉን ነገር ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። "ሰውን ሁሉ ያስማማሁት እኔ ነኝ! ዕጣው ባይኖር ማን ይገባ ነበር?"

"ማንም አይገባም ነበር" አልኳት። "ግን አማረች፣ የተከፋፈለው ሎሚ አይደለም። ሰው ለሃምሳ ሲከፋፈል ለማንም አይደርስም።"

እንጀራውን ገፋ አደረገችው። "እኔም ሁለት ጊዜ ወጥቶብኝ ገብቻለሁ። ፊቷን እንኳ በደንብ አላየሁትም" አለች። ከዚያ አለቀሰች። እኔም ከበሩ ላይ ቆሜ "አዎ" ብዬ የሞላሁትን ቅጽ አሳየኋት። ያን ጊዜ አብረን አለቀስን፤ ባሏ ግራ ገብቶት ሬዲዮኑን ዘጋው።

ዓርብ

ዶክተር ግርማ ያለ ክራቫት፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ግን በእግሩ መጣ፤ የዘይነባን ልመና ነገርኩት። ከዳይሬክተሩ ጋር ስለ አስከሬን የወጣውን ሰርኩላር አንድ ላይ አነበቡት። ሰርኩላሩ አስከሬን የሚነካ ሰው ጓንት ያድርግ፣ የፈሰሰው በበረኪና ይጽዳ ይላል። አይታጠብ የሚል የለበትም። ያንን የጨመረው ፍርሃት ነው። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ "ከበላይ ጥያቄ ቢመጣስ?" ብለው ደጋግመው ጠየቁ። ዶክተር ግርማ በጠቅላላ ጉዞው ከተናገረው ሁሉ የረዘመውን ነገር ተናገረ፦ "እኛ ጽፈን እንፈርማለን፤ ጥያቄ ከመጣ ወደ እኛ ይምጣ።"

ሠራተኛው ተሰበሰበ። ዕጣው እንዲቀር፣ በእሱ ፈንታ ሦስት ሰዎች ብቻ በፈቃዳቸው ዘይነባን በቋሚነት እንዲይዙ፣ የሚያዩትንም እንዲጽፉ ሐሳብ ቀረበ። ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔ ጣቴን እየቆጠርኩ ጠበቅኩ።

"እኔ አንዷ ነኝ" አለች ሩቂያ። "ግን እያጠባችሁ ደጋግማችሁ የምትሰጡንን ጓንት አልፈልግም። አዲስ።" አማረች ቀጠለች። ሦስተኛው ያ ረቡዕ ፊቱን ሸፍኖ የገባው ወጣት ነርስ ሆነ፤ እሱን ግን ከኋላ ማን እንደገፋው አላየሁም። ካርቶኔን ለእነሱ ተውኩት።

ከጁምዓ ሰላት በፊት እማ ሃዋን ወደ ሆስፒታሉ አመጣናቸው። ጓንት አሳየኋቸው፣ ሽርጥ አሳየኋቸው፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀላቀልኩ። እንደ ጥሩ ተማሪ ጠየቁኝ፦ ውሃው የት ይፈሳል? ጓንቱ ከተቀደደስ? እጄ ላይ ቁስል ካለስ? ሁሉንም ከመለስኩ በኋላ፣ "እስካሁን ማን ከለከላችሁና ነው? እኛን የጠየቀን የለም" አሉ።

ከዚያ አሥራ አራት ቁጥር ገቡ። ወንበሩን ወደ አልጋው ሳቡና ተቀመጡ። የዘይነባን እጅ በባዶ እጃቸው ያዙ፤ እኔ ልናገር ስል ሩቂያ በክርኗ ጎሸመችኝ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉ እማ ሃዋ።

ዘይነባ የአባቷን፣ የአያቷን ስም ነገረቻቸው።

"እሺ። ጊዜው ሲደርስ እኔ ነኝ የማጥብሽ። አሁን ግን ብዪ፣ ቀልለሻል።"

ዘይነባ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች። ወጥተን ተውናቸው።

ቅዳሜ

የመመለሻው ባቡር ላይ ፈታሾቹ ከመሄጃው ይልቅ ያስጨንቃሉ፤ ሁሉም መንገደኛ ኮንትሮባንድ ይዟል ብለው ያምናሉ፤ ባብዛኛውም አይሳሳቱም። የእኔ ሻንጣ አንድ ሻሽ፣ የሰው ነጠላ ጫማና አማረች የቋጠረችልኝ ሳምቡሳ ብቻ ስለነበረው ጠረጠሩኝ። ከድሬዳዋ እንዲህ ባዶውን የሚወጣ ሰው አይተው አያውቁም። የልጆቿን እግር የለካችው ባልደረባዬም አላመነችኝም፤ ቀፊራን ሳላይ መመለሴን እስከ ዛሬ እንደ ውሸት ትቆጥረዋለች። ለካ ዘይነባ ትሠራበት የነበረውን ገበያ እንኳ አላየሁትም።

ሪፖርቱን ጽፈን አስገባን፤ "አዎ" ያልኩበትን ቅጽ ሰርዤ እንደገና ሞላሁት። ማን እንዳነበበው አላውቅም። ወደ ትምህርት ቤቴ ስመለስ ግን ተማሪዎቼን ከጥቁር ሰሌዳው አስነስቼ ወደ ሆስፒታላችን ወሰድኳቸው፤ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአማረች ደብዳቤ መጣልኝ። ቁስሉ እየጠገገ ነበር፤ ሰውነቷ ግን አልቻለም። ዘይነባ አንድ ማለዳ ሩቂያ ፀጉሯን እያበጠረችላት አረፈች። የቀረውን አማረች እንደጻፈችው ላስፍረው፦

"እማ ሃዋን ላክንባቸው፣ ሰፈሩ ሰማ። ከሆስፒታሉም ከውጭም ለማጠብ የመጡት ሴቶች ክፍሉ አልበቃቸውም። እማ ሃዋ ሦስት ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን መለሷቸው። ሩቂያንም 'አንቺ በሕይወቷ አጥበሻታል፣ ይበቃሻል' ብለው ከበሩ መለሷት። ይኸው እስከ ዛሬ ተኳርፈዋል።"